ገጹ የማን ልጅ ነው? ለጆሮም የሚሠራ ብሬድክራም አሠራር

አንድ ዓይነ ስውር ወዳጄ አጠገቤ ተቀምጦ እኔ የሠራሁትን ዌብሳይት ሲከፍት አዳመጥኩ። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ጉዳይ ሊያይ ነበር። የገባው ከጎግል ነው። በዋናው በር አልመጣም፤ ሦስት ደረጃ ወደ ውስጥ ያለ ገጽ ላይ በቀጥታ አረፈ። ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ ሥራውን ጀመረ። «ዋና ገጽ፣ ግሬተር፣ አገልግሎቶች፣ ግሬተር፣ ወሳኝ ኩነት፣ ግሬተር፣ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት።»

ወዳጄ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። «ወንድሜ፣ ይሄ ‹ግሬተር› የሚለው ምንድነው? ማን ከማን ነው የሚበልጠው?»

ማንም ከማንም አይበልጥም። እኔ በስሞቹ መሃል የጻፍኳት፣ የቀስት ጫፍ የምትመስል ምልክት ናት። ለዓይን «ከዚህ ወደዚህ» ትላለች። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቃት በሒሳብ ስሟ ነው፤ «ይበልጣል»። እኔ ንጹሕ መስመር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እሱ ጆሮ የደረሰው ሌላ ነገር ነው።

ይህች መስመር ብሬድክራም ትባላለች። ከገጹ አናት፣ ከዋናው ሜኑ ሥር፣ ብዙ ጊዜ በትንሽ ጽሑፍ የምትሰደረዋ ናት፦ ዋና ገጽ › አገልግሎቶች › ወሳኝ ኩነት › የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት። ሁለት ሥራ አላት። አንደኛ፣ «አሁን የት ነህ» ትላለች። ሁለተኛ፣ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ወደ ላይ መውጫ ትሰጣለች። ከፍለጋ ወይም ቴሌግራም ላይ ከተላከ ሊንክ በቀጥታ ውስጥ ገጽ ላይ ለሚያርፍ ሰው፣ ያለበትን ሰፈር የሚነግረው እሷ ናት።

ዓይን ያለው ሰው ገጹን በአንድ እይታ ይቃኛል። ሎጎውን፣ ሜኑውን፣ ርዕሱን ባንድ ጊዜ ያያል። በጆሮ የሚጠቀም ሰው ግን የሚደርሰው አንድ ቃል፣ ከዚያ ሌላ ቃል ነው። ስለዚህ «የት ነኝ» የሚለው ጥያቄ ለእሱ ይበልጥ ከባድ ነው። መልሱም ይበልጥ ያስፈልገዋል። ብሬድክራም ለዓይን ጌጥ ሆና ለጆሮ እንቆቅልሽ ስትሆን የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ከሁሉ ይልቅ የምትጠቅመው ሰው ዘንድ ነው የምትበላሸው።

መንገድ ሳይሆን የዘር ሐረግ

ስሙ ሲፈታ «የዳቦ ፍርፋሪ» ማለት ነው። የመጣው ግሪም የሚባሉት ጀርመናውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ካሳተሙት ተረት ነው። ሀንዝልና ግሬትል ወደ ጫካ ሲወሰዱ፣ መመለሻ እንዲሆናቸው በየመንገዱ ዳቦ እየፈረፈሩ ይጥላሉ። ወፎች ፍርፋሪውን ለቅመው ይጨርሱታል። ልጆቹም መንገዱ ይጠፋባቸዋል።

ስሙ ደስ ይላል፤ ግን ያሳስታል። ሰው ሲሰማው «የመጣሁበትን መንገድ የምታሳይ መስመር» ብሎ ያስባል። የመጣችሁበትን መንገድ ብራውዘሩ ራሱ ያውቀዋል፤ የኋላ መመለሻው ቁልፍ ለዚያ ነው የተሠራው። ብሬድክራም የምትነግራችሁ ሌላ ነገር ነው። ገጹ የማን ልጅ እንደሆነ።

እኛ አገር ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰው ስሙን ሲጠየቅ የአባቱን ስም ያስከትላል፤ የአያቱንም ይጨምራል። በየትኛው አውቶብስ እንደመጣ አይናገርም። ከጎንደር ቢመጣ ከሐዋሳ፣ አባቱ ያው አባቱ ነው። ገጽም እንደዚሁ ነው። ከጎግል ብትገቡ፣ ከፌስቡክ ብትገቡ፣ ከሜኑው ብትገቡ፣ ብሬድክራሙ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ስም ከልጅ ወደ አያት ይወጣል፤ ብሬድክራም ከአያት ወደ ልጅ ይወርዳል። ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር ብለን አድራሻ እንደምንናገረው።

ይህ ነገር ሲጀመር ካልጠራ ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር አይረዳም። በኢንተርኔት ልብስ የሚሸጥ ሱቅ አስቡ። ነጠላ የት ነው የሚገባው? «የሴቶች» ውስጥ? «የባህል ልብስ» ውስጥ? «ስጦታ» ውስጥ? ሦስቱም ያስኬዳል። ብሬድክራሙ ግን አንድ አባት መምረጥ አለበት። ሰውየው በገባበት በር ልክ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ትናንት «የባህል ልብስ» ውስጥ የሰማውን ነጠላ ዛሬ «ስጦታ» ውስጥ ሲሰማው ሌላ ዕቃ ይመስለዋል። ለሚያየው ሰው ፎቶው ያው ስለሆነ ችግሩ ቀላል ነው። ለሚሰማው ግን ቀላል አይደለም።

ዌብሳይታችሁ አምስት ገጽ ብቻ ካለውና ሁሉም እኩል ከሆኑ ደግሞ ብሬድክራም አትሥሩ። አያትና አባት ለሌለው ገጽ የዘር ሐረግ መጻፍ ትርፍ ወሬ ነው።

ኮዱ ውስጥ ምን ይገባል

ብሬድክራምን በድምፅ የሚገባ የሚያደርጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ አንዳቸውም ጃቫስክሪፕት አይፈልጉም።

መጀመሪያ መስመሩ በሙሉ «ናቭ» በሚባለው የኤችቲኤምኤል ታግ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኤችቲኤምኤል ገጹ የሚጻፍበት ኮድ ነው፣ ታግ ደግሞ የይዘቱን ዓይነት የሚናገር መጠቅለያ። ይህ ታግ ለስክሪን ሪደሩ «እዚህ ጋ ወደ ሌላ ገጽ መሄጃ ሊንኮች አሉ» ይለዋል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ለምሳሌ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ነፃ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው አንዲት የ«ዲ» ቁልፍ ብቻ እየነካ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዘላል። ብሬድክራማችሁ ስለ ይዘቱ ምንም በማይናገር ተራ ታግ፣ በ«ዲቭ»፣ ከተጠቀለለ ግን በዚህ ዝላይ አይገኝም። ከሌላው ጽሑፍ ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

አንድ ገጽ ላይ ግን «ናቭ» ብዙ ሊሆን ይችላል። ዋናው ሜኑ አንድ ነው፤ የግርጌው ሊንኮች አንድ ናቸው፤ ብሬድክራሙም አንድ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም ማውጣት ያስፈልጋል። «አሪያ-ሌብል» የሚባለው ባሕርይ ለዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ አይታይም፤ በድምፅ ብቻ ይነገራል።

ስሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አማርኛ ገጾች ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት እዚህ ነው። የዌብ መመዘኛዎችን የሚያወጣው ደብሊው ሦስት ሲ በእንግሊዝኛ ምሳሌው ላይ «ብሬድክራም» ብሎ ነው የሰየመው። እንግሊዝኛ ተጠቃሚዎች ለምደውታል። አማርኛ ሲሆንስ? አንዳንዱ እንዳለ በእንግሊዝኛ ይተወዋል። የአማርኛው ድምፅ በላቲን የተጻፈውን ቃል ሲያነብ የሚወጣው ነገር ለጆሮ አይጥምም። ሌላው ቃል በቃል ይመልሰዋል። የመንግሥት አገልግሎት ፈልጎ የገባ ሰው በድንገት «የዳቦ ፍርፋሪ» ሲባል ምን ይበል? እኔ አሁን «ያሉበት ቦታ» እላለሁ። አጭር ነው፤ ማንም ይገባዋል። «ያሉበት ቦታ መቃኛ» ወይም «ያሉበት ቦታ ናቪጌሽን» ግን አትበሉ። «ናቭ» መሆኑን ስክሪን ሪደሩ ራሱ ከስሙ ቀጥሎ ይናገራልና ሁለት ጊዜ ይደገማል።

አሪያ-ሌብል የማይታይ ስለሆነ ይረሳል። ገጹን ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው የሚያየውን ሁሉ መልሶ ጨርሷል፤ ይቺ ግን ኮዱ ውስጥ ተደብቃ በእንግሊዝኛ ቀርታለች። ለተርጓሚው የምትሰጡት ዝርዝር ውስጥ እሷንም አስገቡ።

ቀጥሎ ዝርዝሩ ነው። ከ«ናቩ» ውስጥ «ኦኤል» የሚባለው ባለ ተራ ዝርዝር ይገባል። እያንዳንዱ ስም ደግሞ «ኤልአይ» ውስጥ ይቀመጣል። ባለ ተራ ለምን? ቅደም ተከተሉ ትርጉም ስላለው። አያት ከአባት በፊት ነው፤ ማቀያየር አይቻልም። ዝርዝር መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ስክሪን ሪደሩ ገና ሲገባ «ባለ 4 ዝርዝር» ይላል። ሰውየው ምንም ሳይሰማ ገና፣ ሦስት ደረጃ ወደ ውስጥ እንዳለ አወቀ ማለት ነው። ይህን መረጃ ዓይናማው በመስመሩ ርዝመት ያገኘዋል። ሌላው በቁጥር አገኘው።

የመጨረሻው ስም፣ አሁን ያለንበት ገጽ፣ ምልክት ይደረግበታል። «አሪያ-ከረንት» የሚባል ባሕርይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በጸደቀው አሪያ 1.1 በሚባለው የተደራሽነት መመዘኛ ነው የመጣው። ዋጋውን «ፔጅ» ስታደርጉት ስክሪን ሪደሩ ከስሙ ጋር «የአሁኑ ገጽ» የሚል ቃል ይጨምራል። ዓይን በደማቅ ቀለም የሚያውቀውን ጆሮ በዚህ ያውቀዋል።

የመጨረሻው ስም ሊንክ ይሁን ወይስ ተራ ጽሑፍ? እዚህ ላይ ሙያተኞች አይስማሙም። የደብሊው ሦስት ሲ ምሳሌ ሊንክ ያደርገዋል። በታብ ቁልፍ ከሊንክ ወደ ሊንክ የሚሄድ ሰው ተራ ጽሑፍን ስለሚዘለው፣ ሊንክ ሲሆን ያገኘዋል። የእንግሊዝ መንግሥት የዲዛይን መመሪያ ደግሞ የአሁኑን ገጽ ከመስመሩ ያስወጣዋል፤ መስመሩ አባት ላይ ያበቃል። የገጹ ስም ከሥሩ በትልቅ ርዕስ ስለሚመጣ ነው። እኔ መሃሉን ነው የምመርጠው፦ ስሙ ይኑር፣ አሪያ-ከረንት ይኑርበት፣ ግን ሊንክ አይሁን። ወዳጄ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሊንክ ተጭኖ ያው ገጽ እንደገና ሲነበብለት፣ ኢንተርኔቱ የተበላሸ መስሎት ነበር። ያሉበት ቦታ ላይ መሄድ አይቻልም፤ በሩ ያለ አይምሰል።

ዝም ማለት ያለባት ምልክት

አሁን ወደዚያች «ግሬተር» እንመለስ። ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደችብኝ እሷ ናት።

በስሞቹ መሃል ያለችው ምልክት ለዓይን ብቻ ናት። ጆሮ ዝርዝሩን ከነቁጥሩ ስለሚሰማ አያስፈልጋትም። ስለዚህ ግባችን እንድትታይ፣ እንዳትሰማ ማድረግ ነው። ጽሑፉ ውስጥ በቀጥታ ከጻፋችኋት ትነበባለች። ይህ ግልጽ ነው።

እኔ ያደረግኩት የመጀመሪያ ማስተካከያ ምልክቷን ከኤችቲኤምኤሉ አውጥቶ ወደ ሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክ ወደሚወስነው ኮድ፣ መውሰድ ነበር። «ቢፎር» በሚባለው ማስገቢያ፣ «ኮንቴንት» በሚለው ባሕርይ። ብዙ ዴቨሎፐር በሲኤስኤስ የገባ ነገር ጌጥ ብቻ ስለሆነ አይነበብም ብሎ ያምናል። እኔም አምን ነበር። ወዳጄ ገጹን ሲከፍተው ያው ቃል ተመለሰ፦ ግሬተር፣ ግሬተር፣ ግሬተር። በሲኤስኤስ የገባ ፊደልና ምልክት በስክሪን ሪደር ይነበባል! ይህን የማያውቅ ሰው ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ይሄዳል፤ አድማጩ ያው ችግር ውስጥ ይቀራል።

መውጫው ሁለት ነው። አንዱ አዲስ ነው፦ በ«ኮንቴንት» ውስጥ ከምልክቷ ቀጥሎ ስላሽ አድርጋችሁ ባዶ ትእምርተ ጥቅስ ትጨምራላችሁ። ትርጉሙ «ለዓይን ይቺን አሳይ፤ ለጆሮ ምንም አትበል» ነው። ክሮም ቀደም ብሎ ያውቀዋል፤ ሳፋሪና ፋየርፎክስ ግን የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። አሮጌ ስልክ ላይ ያለ አሮጌ ብራውዘር ላይረዳው ይችላል። እዚህ አገር ደግሞ ስልክ ቶሎ አይቀየርም።

ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ እኔ የምመክረው እሱን ነው። ምልክቷን አትጻፏት፤ ሳሏት። ባዶ ትንሽ ሳጥን ሥሩና ከሁለት ጎኗ ብቻ ጠርዝ ስጧት። ከዚያ 45 ዲግሪ አዙሯት። የቀስት ጫፍ ወጣች ማለት ነው። ውስጧ አንድም ፊደል ስለሌለ የሚነበብ ነገር የለም። የእንግሊዝ መንግሥት ዌብሳይት የሚጠቀመው ይህንኑ ዘዴ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ዓይናቸው ደከም ያለ ሰዎች ዊንዶውስ ላይ ከፍተኛ ንጽጽር የሚባለውን ቀለም ሲያበሩ፣ ጠርዝ አይጠፋም፤ በመረጡት ቀለም ይታያል።

ምልክቷን የምትስሉት «ኤልአዩ» ላይ ይሁን እንጂ ሊንኩ ውስጥ አይሁን። ሊንኩ ውስጥ ከገባች መስመር ይሰመርባታል፤ የሊንኩም አካል ትሆናለች።

ዕብራይስጥና ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋሉ። እስራኤል ውስጥ ላለው ማኅበረሰባችን በዕብራይስጥና በአማርኛ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ይህችን ምልክት ማሰብ አለበት። በዕብራይስጡ ገጽ ላይ ጫፏ ወደ ግራ መዞር አለባት። የአማርኛውን ምልክት ሳያዞር እንዳለ ከተወው ቀስቱ ወደ ኋላ ያመለክታል።

ፊደላችን የራሱ ጉዳይ አለው

የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም፤ ስለዚህ በራሳችን ማሰብ አለብን።

የመጀመሪያው የቋንቋው መለያ ነው። በኤችቲኤምኤሉ መክፈቻ ላይ «ላንግ» የሚባል ቦታ አለ። አማርኛ ከሆነ «ኤ» እና «ኤም» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይገባሉ። ብዙ ቴምፕሌት ግን በእንግሊዝኛ መለያ ነው የሚመጣው፤ የሚቀይረውም ጥቂት ነው። ያኔ የእንግሊዝኛው ድምፅ አማርኛውን ሊያነብ ይታገላል። ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ትርጉም የሌለው ነገር ያሰማል። ኤንቪዲኤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛ ያውቃል። ድምፁ የማሽን ነው፤ ግን ይገባል። መለያው ካልተስተካከለ እሱም በራሱ ወደ አማርኛ ላይቀየር ይችላል። ሁለት ፊደል መቀየር ገጹን በሙሉ ያስነብባል፤ ከዚህ የረከሰ ሥራ አላውቅም።

ሁለተኛው መጠን ነው። ብሬድክራም ትንሽ ጽሑፍ መሆን አለበት የሚል ልማድ አለ። በላቲን ፊደል 12 ፒክሰል ይነበብ ይሆናል። በእኛ ፊደል ግን «ሊ» እና «ሌ» የሚለዩት በአንዲት ቀለበት ነው። «ለ» እና «ሉ» የሚለዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። በ12 ፒክሰል እነዚህ ይጠፋሉ። እኔ ከ16 አልወርድም። የሊንኩ መስመርም ፊደሉ እግር ላይ እንዳያርፍ «ቴክስት-አንደርላይን-ኦፍሴት» በሚባለው ባሕርይ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። መስመሩን ግን አታጥፉት። ሊንክ መሆኑን ቀለም ብቻ ከነገረን፣ ቀለም ለይቶ የማያይ ሰው አያውቀውም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ መቁረጥ ነው። ስልክ ላይ ቦታ ሲጠብ ዲዛይነሮች የስሙን ጫፍ ቆርጠው ሦስት ነጥብ ያደርጋሉ። እንግሊዝኛ ላይ ዋናው ቃል ብዙ ጊዜ ፊት ስለሚመጣ ያስኬዳል። አማርኛ ግን ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። «የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት» እና «የልደት ምስክር ወረቀት ለማረም» ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ቁረጧቸው። ሁለቱም «የልደት ምስክር ወረቀት ለማ…» ይሆናሉ። ሰውየው ሊያወጣ ይሁን ሊያርም የቆረጣችሁት ክፍል ውስጥ ቀረ።

ስለዚህ አትቁረጡ። መስመሩ ወደ ታች ይታጠፍ፤ ሁለት መስመር ቢሆን ማንም አይጎዳም። በጣም ከበዛ ደግሞ ስልክ ላይ አባቱን ብቻ አሳዩ፦ ወደ ኋላ የምታመለክት ቀስትና «ወሳኝ ኩነት»። አንድ ደረጃ መውጣት ከቻለ ሌላውን ይደርስበታል። ደብሊውካግ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመዘኛ፣ ገጹ በ320 ፒክሰል ስፋት ላይ ወደ ጎን ሳይጎተት እንዲነበብ ይጠይቃል። ይህ ለትንሽ ስልክ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉን 400 በመቶ አጉልቶ የሚያነብም ሰው የሚያገኘው ስፋት ያንኑ ያህል ነው።

ስለ ቀለም፣ ስለ ጣትና ስለ ቦታ

ቀለሙን ገርጣ ያለ ግራጫ አታድርጉት። በነጭ ላይ፣ በቀለም ኮዱ 999999 የሚባለው ግራጫ ንጽጽሩ፣ ማለትም ከጀርባው ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት፣ 2.85 ለ 1 ነው። ደብሊውካግ የሚፈልገው 4.5 ለ 1 ነው። 767676 የሚባለው ጠቆር ያለ ግራጫ ለጥቂት ያልፋል። ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልክ የሚያይ ሰው ሁሉ ይህን ያመሰግናችኋል።

ሊንኮቹ ለጣት ይብቁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የወጣው ደብሊውካግ 2.2 ቢያንስ 24 በ24 ፒክሰል ይላል። አፕል ለስልኮቹ 44 ይመክራል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው «አገልግሎቶች» ሊጫን ፈልጎ «ዋና ገጽ» ላይ ቢያርፍ ሁሉንም እንደገና መጀመር ነው።

ቤት የምትመስል ምስል ብቻ አድርጋችሁ «ዋና ገጽ» የሚለውን ጽሑፍ ከተዋችሁ፣ ምስሏ የድምፅ ስም ከሌላት ስክሪን ሪደሩ የሚለው የለውም። ጽሑፉን ጻፉት። ሁለት አጭር ቃል ነው።

ቦታው ከዋናው ይዘት በፊት፣ ከርዕሱ በላይ ይሁን። በኮዱ ውስጥ «ሜይን» ከሚባለው ታግ ውጭ ከተቀመጠ፣ «ወደ ዋናው ይዘት ዝለል» የምትለዋ ሊንክ እሱንም ታዘላለች። ገጹን አሥር ጊዜ የከፈተ ሰው አሥር ጊዜ «ያሉበት ቦታ» እንዲሰማ መገደድ የለበትም።

ሕጉ ብሬድክራም ሥሩ ብሎ ያስገድዳል? በቀጥታ አያስገድድም። ደብሊውካግ ላይ ያሉበትን ቦታ ማሳወቅ የተቀመጠው ሦስት ኤ በሚባለው ከፍተኛው ደረጃ ነው፤ አብዛኛው ሕግ የሚጠይቀው ሁለት ኤን ነው። አንዴ ከሠራችሁት ግን ንጽጽሩ፣ የጣቱ ስፋት፣ የዝርዝሩ አደራደር ሁሉ በግዴታዎቹ ሥር ይገባል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 9 ኢንተርኔትን ጨምሮ መረጃ ተደራሽ እንዲሆን ይላል። አውሮፓ ውስጥ የኢንተርኔት ሱቅ ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ ሊመለከታችሁ ይችላል።

አንድ የሚምታታ ነገር አለ። ለጎግል ተብሎ ኮዱ ውስጥ የሚቀመጥ «ብሬድክራምሊስት» የሚባል መረጃ አለ። እሱ የፍለጋ ሞተር የሚያነበው ነው፤ ለስክሪን ሪደር ምንም አያደርግም። ጎግል ራሱም እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ወዲህ በስልክ የፍለጋ ውጤት ላይ ብሬድክራምን ማሳየት ትቷል። እሱን አስገብቻለሁና ተደራሽ ነው የሚላችሁን አትስሙ።

በጆሮ መፈተን

መጀመሪያ ማውሱን ንቀሉ። በታብ ቁልፍ ብቻ ብሬድክራሙ ላይ ድረሱ። የት እንዳላችሁ የሚያሳይ ጉልህ ክፈፍ በእያንዳንዱ ሊንክ ዙሪያ ይታያል? ካልታየ አንድ ሰው ሲኤስኤሱ ውስጥ አጥፍቶታል፤ መልሱት።

ከዚያ ኤንቪዲኤን አውርዱ፤ ነፃ ነው። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ስልኩ ውስጥ አለ። ስክሪኑን አጥፉና ገጹን አዳምጡ። የምልክት ስም ትሰማላችሁ? «ያሉበት ቦታ» ይላል? የመጨረሻው ላይ «የአሁኑ ገጽ» ይላል? ለእኔ ይህ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ግን ዕለት ዕለት የሚጠቀምበት ሰው ጋ ውሰዱት። እኔ ስክሪን ሪደር የምጠቀመው ለፈተና ነው፤ እሱ የሚኖረው በእሱ ነው። የሰዓት ዋጋም ክፈሉት። ሥራ ነውና።

ወዳጄ በሦስተኛው ጊዜ ሲከፍተው እኔ አጠገቡ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ድምፁን እንደ ልማዱ እኔ ልከታተለው በማልችለው ፍጥነት ነው የሚያዳምጠው። «ዲ»ን ነካ። ያሉበት ቦታ፤ ባለ 4 ዝርዝር፤ ዋና ገጽ፤ አገልግሎቶች፤ ወሳኝ ኩነት፤ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት፣ የአሁኑ ገጽ። ምንም አላለኝም። አንድ ወደ ኋላ ተመለሰና «ወሳኝ ኩነት» ላይ ኢንተር ተጫነ። የገጹን ዝርዝር ትንሽ አዳመጠ።

«ለካ የጋብቻውም እዚሁ ነበር» አለ፤ ከፍቶት ማንበብ ቀጠለ።